መንታ ሁሉ ባላንጣ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባህል ዓምዳችሁ ስለ ዓለም የመንታ አፈ ታሪኮች ማንሣታችሁ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ጽሑፉ የሮሙን ሮሙሉስ ወንድሙን ሬሙስን መግደሉን ይዞ «መንታ በተረት ሁልጊዜ ይጣላል» ብሎ መደምደሙ ስህተት ነው። በግሪኮች ዘንድ ከመንታዎቹ ካስቶር ሟች፣ ፖሉክስ ደግሞ የዜውስ ልጅ በመሆኑ የማይሞት ነው። ካስቶር ሲሞት ፖሉክስ ያለ ወንድሙ አልኖርም ብሎ አንድ ቀን ከሙታን፣ አንድ ቀን ከአማልክት ዘንድ አብረው ይውሉ ጀመር። መርከበኞች ጠባቂ ያደርጓቸው ስለነበር ጳውሎስ ከመላጥያ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብም ምልክታቸውን ይዛ ነበር (ሐዋ. 28፥11)። የማያ ሕዝብ መንታዎች ሁናፑና ሽባላንኬም አብረው ሙታን አገር ወርደው የአባታቸውን ገዳዮች ያሸንፋሉ እንጂ እርስ በርስ አይጣሉም።

የመንታ ተረት ሲመረመር ከጠቡ በፊት መታየት ያለበት አወላለዱ ነው። ዛራ እጁን ሲያወጣ አዋላጇ ቀይ ፈትል አሰረችበት፤ እጁን ሲመልስ ግን ፋሬስ ቀድሞ ወጣ (ዘፍ. 38)። ያዕቆብ የኤሳውን ተረከዝ ይዞ ተወለደ፤ ብኩርናውንም በኋላ በእንጀራና በምስር ወጥ ገዛው። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ደግሞ ነገሩን ይገለብጡታል፦ ቀድሞ የሚወጣው ታይዎ ታናሽ ነው፤ ዓለም ምን እንደምትመስል አይቶ እንዲመጣ የላከው ታላቁ ኬሂንዴ ነው ይላሉ። በነባሩ ባህላቸው ከመንታዎቹ አንዱ ከሞተ ምስሉ ከእንጨት ይቀረጻል፤ እናት ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ምግብም ታቀርብለታለች። ቀድሞ የወጣ ሁሉ ታላቅ ነው ብሎ የሚነሣ አንባቢ ይህን ተረት ከሥሩ ይስታል።

ይበልጥ የሚቆጨው ግን እዚሁ ደጃችን ያለው መታለፉ ነው። ደሴ ላይ የቃየልንና የአቤልን ነገር የቄሱም የሼሁም ቤት ያውቀዋል። በግዕዙ ገድለ አዳምም ሆነ በእስልምና ተፍሲሮች (የቁርኣን ማብራሪያዎች) ሁለቱ ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ከመንታ እህት ጋር ይወለዳሉ፤ አዳም አንዱ የሌላውን መንታ እንዲያገባ ሲያዝ ቃየል የራሱን አልሰጥም ይላል። ተፍሲሮቹ የቃቢልን (የቃየልን) መንታ ኢቅሊማ ይሏታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቁርኣኑ ራሱ (5፥27-31) የወንድማማቾቹን ስም አይጠራም፣ እህቶቹንም አያነሣም። መጽሐፈ ኩፋሌም እህታቸውን አዋንን ከሁለቱ በኋላ ለብቻዋ የተወለደች ያደርጋታል። ሐሰንና ሑሴንም መንታ አይደሉም፤ ለመንታ ወንዶች የሚወጣው ስም የእነሱ ይሁን እንጂ የነቢዩ የልጅ ልጆች የተወለዱት በ3ኛውና በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው።

ዓምዱ የወሎን የመንታ ተረቶች ለመሰብሰብ ካሰበ ተራኪው ሳይቋረጥ ይጨርስ። ከዚያ ማን ቀድሞ ወጣ፣ ታላቅ የሚባለው የትኛው ነው፣ አባታቸው አንድ ነው ወይስ ሁለት ተብሎ ይጠየቅ። «ቅናት አልነበረም ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን አይቅደም፤ ተራኪው ለጠያቂው ደስታ ሲል ቅናት ይጨምራል። ተረቱ ከመጽሐፍ፣ ከየኔታ፣ ከሼህ ወይስ ከአያት አፍ እንደተሰማም ከሥሩ ይጻፍ፤ ያለዚያ ትርጓሜው ከቅዱሱ ቃል ጋር ይቀላቀላል። አዋላጆችን ለብቻ መጠየቅም አይዘንጋ፤ የአወላለዱን ዝርዝር ከእነሱ የተሻለ የሚነግር የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ