በራሱ ይጠባል ላልከኝ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ከወገብ ሕመሜ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ስናበቃ ደብዳቤው በናፍቆት ቢሞላ ደንብ ነበር። ግን ከላክህልኝ ፎቶ ሥር የጻፍከው ነገር እንቅልፍ ነሳኝና በቀጥታ ወደ ክርክር ልገባ ነው። ድሮም የእኔና የአንተ ሰላምታ ክርክር ነበር።

«ይኸው ፎቁ፣ ይኸው መንገዱ! ኢኮኖሚ ሲያድግ የሀብታምና የድሃ ልዩነት መጀመሪያ ይሰፋል፣ ቆይቶ በራሱ ይጠባል። መታገስ ነው» ትላለህ። ፎቁን አይቻለሁ፤ መንገዱም ያስቀናል። ዕድገቱ ውሸት ነው ከሚሉት ወገን እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ያልተዋጠልኝ በራሱ ይጠባል ያልከው ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ትልቅ ሰው ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ ሳይመን ኩዝኔትስ በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሕዝብ ከእርሻ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ሲፈልስ የገቢ ልዩነት መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ ላይ እንደሚወርድ ገመተ። በእጁ የነበረው መረጃ በዋናነት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የጀርመን ነበር። ሰውየው ጨዋ ስለነበር ሥራው ምናልባት 5 በመቶ መረጃ፣ 95 በመቶ ግምት እንደሆነ፣ ግምቱም ከምኞት የጸዳ ላይሆን እንደሚችል እዚያው ጽሑፍ ላይ ተናግሯል። ተከታዮቹ ማስጠንቀቂያውን ጥለው፣ ወጥቶ የሚወርደውን ኩርባ ብቻ ይዘው ሄዱ። በእነዚያ አገሮች ልዩነቱ የጠበበውም እኮ ዝም ብሎ አይደለም፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶች የባለጸጋውን ሀብት በልተውታል፣ የሀብታም ግብር ሰማይ ነክቷል፣ የሠራተኛ ማኅበራት ጡንቻ አውጥተዋል። ይህን ሁሉ በራሱ ካልከው እንግዲህ ምን እላለሁ።

ለመሆኑ ኢኮኖሚው እየሮጠ የቀን ሠራተኛው ገቢ ለምን ይዘገያል? የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ሉሲያ ተወላጅ የሆነው የኢኮኖሚ ሊቅ አርተር ሉዊስ በ1954 ያስረዳው ነገር ዛሬም የትኛውም ግንባታ በር ላይ ይታያል። ማልደህ ሂድ። ከሚፈለገው በላይ ሰው በሩን ከቦ ቆሟል፤ ካቦው በጣቱ «አንተ፣ አንተ፣ አንቺ» እያለ ይመርጣል፤ የተረፈው ነገ ይመለሳል። ከተመረጡት አንዱ ጭማሪ ቢጠይቅ ካቦው መከራከር አያስፈልገውም፤ ዞር ብሎ ወደ በሩ ማየት ይበቃዋል። ከገጠር የሚመጣው ጉልበት እስኪያልቅ ድረስ የቀን ክፍያው ባለበት ይረግጣል፤ ሕንፃው ግን ወለል በወለል ይጨምራል፣ ትርፉም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ሉዊስ ይህ ትርፍ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል፣ ትርፍ ጉልበቱም አንድ ቀን ያልቃል፣ ያኔ ደሞዝ ይነሣል ባይ ነው። ትርፉ በእርግጥ ሥራ ላይ ከዋለ፣ ትክክል። መሬት አጥሮ ዋጋው እስኪንር መቀመጥ ግን ለማንም ሥራ አይፈጥርም።

መሬት ካነሣሁ አይቀር፣ እስቲ መንገዱን እንየው። አዲስ መንገድ አንድ ሰፈር ሲደርስ ባለይዞታው ተኝቶ አድሮ ሀብታም ሆኖ ይነሣል። እዚያው ግቢ ጓሮ ተከራይቶ የሚኖረው ደግሞ ኪራይ ይጨመርበታል፤ አልችልም ካለ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዳርቻ ይወጣል፤ እዚያ ኪራዩ ቢቀንስለትም ትራንስፖርቱ ይበላዋል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። አንዱ መንገድ አንዱን አነሣ፣ ሌላውን አባረረ። የተሠራው ግን በሁለቱም ግብር ነው። ተከራይ ምን ግብር ይከፍላል እንዳትለኝ፤ ሳሙና በገዛ ቁጥር ይከፍላል፤ ከገቢው አንጻር ካየኸው ደግሞ ከባለይዞታው ባልተናነሰ። በዚህ ነገር የምለፈልፈው ስለሚያናድደኝ ነው። ሰዉ የደሞዝን ልዩነት ያወራል፤ በዕድገት ዘመን ትልቁ ገንዘብ የሚገኘው ግን ቀድሞ በያዙት ነገር ነው፤ በመሬት፣ በፈቃድ፣ በትምህርት፣ በዘመድ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ነው ጫማ የሚፈልገው።

ቁጥሩስ ምን ይላል ትለኛለህ። የገቢ ልዩነት የሚለካበትን የጂኒን መለኪያ ታውቀዋለህ፤ ኮራዶ ጂኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1912 ያወጣው፣ ዜሮ ከሆነ ሁሉም እኩል፣ አንድ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላው ገቢ ያንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚሆንበት። እኔ ለዚህ ቁጥር ጥሬውን ከሚሰበስቡት አንዱ ከሆንኩ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አላምነውም። የቤተሰብ ገቢና ወጪ መጠይቅ ይዘህ ድሃ ቤት ብትገባ መቀመጫ ተጠርጎ ይሰጥሃል። እናትየዋ የሳምንቱን ወጪ እስከ ክብሪት ድረስ ትቆጥርልሃለች፣ ለጎረቤት ያበደረችውን ሳትረሳ። ከዚያ አጥሩ ወደ ረዘመው ቤት ትሄዳለህ። በብረት በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ትከፈትና ዘበኛው «ጌቶች የሉም» ይልሃል። በማግስቱም የሉም። መኪናቸው ግን አለ። በለስ ቀንቶህ ብትገባ ሰውየው የወር ደሞዙን ብቻ ነግሮ ይሸኝሃል፤ የሚያከራየው ቤት፣ አክሲዮኑ፣ ባሕር ማዶ ያስቀመጠው ገንዘብ አይነሣም። እንግዲህ ጫፉ የተቆረጠ ቁጥር ነው የምናነበው።

ተመራማሪዎች የግብር መዝገብን ከቤተሰብ ጥናት ጋር ማዋሐድ የጀመሩትም ለዚህ ነው። ሕንድን በዚህ መንገድ ሲያዩ፣ በ2024 በወጣ ጥናት፣ በ2022/23 ከአገሪቱ ገቢ 22.6 በመቶው የላይኞቹ 1 በመቶ ሰዎች ድርሻ ሆኖ ተገኝቷል። ጂኒ ሌላም ጠባይ አለበት። የአንዱ ገቢ 10፣ የሌላው 100 ቢሆንና ሁለቱም እጥፍ ቢያድጉ 20 እና 200 ይሆናሉ፤ መለኪያው ንቅንቅ አይልም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከ90 ወደ 180 ዘለለ፤ ሁለቱ ለአንድ ቤት ወይም ለአንድ የትምህርት ቤት ቦታ ሲሻሙ የሚለያቸው ይኸው ርቀት ነው።

ቻይናን እንደምትጠራብኝ አውቃለሁ። ጥራ። ከ1978 ወዲህ በአርባ ዓመት ውስጥ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከከፋ ድህነት ወጥቷል፤ በታሪክ ወደር የለውም። በዚያው ዘመን ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ 0.3 አካባቢ የነበረው ጂኒ በ2008፣ በመንግሥቱ በራሱ ቁጥር፣ 0.49 ደረሰ። ድህነት መቀነሱና ልዩነት መስፋቱ አብረው ሄዱ፤ አንዱን አምኖ ሌላውን መካድ አይቻልም። ልዩነቱን ያሰፋው ገበያው ብቻ ነው ካልከኝ ደግሞ ሁኮውን አስብ። በ1958 የተደነገገው ይህ የነዋሪነት ምዝገባ ገጠሬው መጥቶ ከተማውን ሲገነባ ዝም ብሎ፣ ልጁን እዚያው ከተማ ማስተማር ሲፈልግ ግን ለረጅም ዘመን በር ሲዘጋበት ኖሯል። ሰው የጻፈው ሕግ ነው።

ብራዚልም ከ1968 እስከ 1973 በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ስታድግ ነበር፤ ልዩነቱ ግን አልጠበበም። የጠበበው ከሦስት አሥርተ ዓመታት በኋላ ዝቅተኛው ደሞዝ ሲነሣና በ2003 የተጀመረው ቦልሳ ፋሚሊያ ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ሲሰጥ ነው፤ ያም ሆኖ ዛሬም በዓለም ልዩነት ከበዛባቸው አገሮች ተርታ ናት። ኮሪያና ታይዋን በሌላ በኩል ነገሩን ከመነሻው ያዙት። ታይዋን በ1949 የጭሰኛውን ኪራይ ከምርቱ 37.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች፣ በ1953 መሬቱን ለአራሹ ሰጠች። ደቡብ ኮሪያ በ1950 የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ3 ሄክታር ገደማ እንዳያልፍ አደረገች። ፋብሪካው ሲመጣ ገበሬው ቢያንስ የሚሸጠውና ልጁን የሚያስተምርበት ነገር ነበረው። ታይዋን በፍጥነት እያደገች ልዩነቷ ጠቧል፤ መጀመሪያ መስፋት አለበት የሚለው ሕግ እዚያ አልሠራም።

አሁን ትዕግሥት ወዳልከው ልምጣ። የኢኮኖሚ ሊቁ አልበርት ሂርሽማን በ1973 ያመጣው ምሳሌ አለ። ሁለት መስመር ባለው ዋሻ ውስጥ መኪኖች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሊሄዱ ተገትረዋል። የጎንህ መስመር መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ አንተ ባትነቃነቅም ደስ ይልሃል፤ የእኔም ተራ ደረሰ ትላለህ። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር ይባል የለ? የጎንህ መስመር ብቻ እየሄደ አንተ እዚያው ስትቀር ግን መሪህን ጠምዝዘህ መሐሉን መስመር ለመጣስ ትነሣለህ። ሂርሽማን ያለው ይህ ነው፤ ዝም ያለ ሕዝብ ልዩነቱን ተቀብሎታል ማለት አይደለም፣ ተስፋ ስላለው ነው። ተስፋው የሚቆየውም በሚንቀሳቀሰው መስመር ላይ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለው ነው። ወደ ላይ የሚወጡት ሁልጊዜ የአንድ ወገን፣ የአንድ ቋንቋ ወይም የአንድ ቤት ልጆች ከሆኑ ትዕግሥቱ ፈጥኖ ያልቃል። ለዚህ ነው «መታገስ ነው» የሚለው ምክር ከሚሄደው መስመር ላይ ሲመጣ ጆሮዬን የሚቆረቁረው። አንተን አላልኩም፤ አንተም እንደ እኔ ተከራይ ነህ።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትለኝ የመሬት ግብርን ነው የምመርጠው። መንገዱ ካመጣው የዋጋ ጭማሪ ከፊሉን መልሶ ወስዶ፣ ተከራዩ የተሰደደበት ዳርቻ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ደህና መምህር እንዲያገኝ ማድረግ። ባለሀብቱ ይሸሻል ትለኝ ይሆናል፤ ይሽሽ፣ መሬቱን ግን ተሸክሞት አይሄድም። ሌላ መከራከሪያ ካለህ ጻፍልኝ፤ ልማድህ ነውና ይህንኑ ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርክ ብትመልሰውም አልቀየምህም። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ