ሻንደሊየሩን ከመላክህ በፊት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ድሬም ደህና ናት። ሙቀቷ ያው ሙቀቷ ነው፤ የከዚራ ዛፎችም ጥላቸውን አልነፈጉንም። ሳንጻጻፍ ዓመታት አለፉ። ተቀያይመን እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። እዚህ የሰፈር ልጆች ስንሰባሰብ ስምህ ሳይነሳ አንለያይም።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገችኝ እህትህ ናት። ቀፊራ ገበያ አገኘኋት። ሳቢያን ሰፈር የምታሠራው የእናትህ፣ እኔም እናቴ የምላቸው፣ የእናታችን ቤት ልስኑ እንዳለቀ፣ ጂፕሰም ኮርኒሱ ሊጀመር እንደሆነ ነገረችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀጠል አድርጋ ደግሞ «ለሳሎኑ ትልቅ ሻንደሊየር ከቶሮንቶ ሊልክልን ነው» አለችኝ። ቤት ገብቼም ሐሳቡ አልለቀቀኝም። እኔ እንጀራዬን በኤሌክትሪክ ሥራ የበላሁ ሰው ነኝ። ድሬም ሐረርም ብዙ ሻንደሊየር ሰቅያለሁ። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አትላክ እያልኩህ አይደለም አቦ። ከሥራዬ ሁሉ እንደ ሻንደሊየር የምወደው የለኝም። ሽቦ ስትዘረጋ፣ ብሬከር ስትገጥም ድካምህ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ የሚያየው የለም። ሻንደሊየር ሰቅለህ መጀመሪያ ስታበራው ግን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ቀና ይላል። ያን ጊዜ የሰዉን ፊት ማየት እወዳለሁ።

ነገሩ ሲጀመር ሻማ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሁለት እንጨት በመስቀል ቅርጽ ያጋጥሙና ጫፍ ጫፉ ላይ ሹል ብረት ይተክላሉ። ሻማው እዚያ ላይ ይሰካል። ከዚያ በገመድ ወደ ላይ ይጎተታል። ማታ ማታ ያወርዱታል፣ ይለኩሱታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ ፈረንሳዮች ሻማን «ሻንዴል» ይላሉ። እነሱ ራሳቸው ዛሬ «ሻንደሊየ» የሚሉት ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን የሻማ ማስቀመጫ ነው። ከጣሪያ የሚንጠለጠለውን «ሉስትር» ይሉታል። የእኛ «ቀንዲል» እንኳ የዚሁ ዘመድ ነው። የላቲኑ «ካንዴላ» በግሪክ በኩል ወደ ዐረብኛ ገብቶ ነው ወደኛ የደረሰው።

ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ መስጊድ ሻንደሊየር ስሰቅል አንድ አዛውንት መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቁጭ አልንና ከቁርኣን ስለ ሱረቱ ኑር፣ ስለ ብርሃን ምዕራፍ፣ አጫወቱኝ። እዚያ ላይ የፈጣሪ ብርሃን በመስኮት ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ መብራት ተመስሏል፤ መብራቱ በመስታወት ውስጥ ነው፣ መስታወቱም የሚያበራ ኮከብ ይመስላል። ማምሉክ በሚባሉት ገዢዎች ዘመን በግብፅና በሶርያ በተሠሩት ብዙ የመስጊድ መብራቶች ላይ ይህችኑ አንቀጽ በብርጭቆው ላይ በቀለም ይጽፏት ነበር። ብርሃኑ በጽሑፉ ውስጥ አልፎ ሲወጣ አስበው! ከዚያ ቀን ወዲህ መስታወት ስገጥም እጄ ይጠነቀቃል።

የሻንደሊየር ነፍሱ መስታወቱ ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቅ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1674 ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ የመስታወት አሠራር በስሙ አስመዘገበ፤ ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት መጨመር ጀመረ። በእርሳስ የተሠራ መስታወት ይከብዳል፣ ለመቁረጥ ይለሰልሳል፣ ብርሃንን ደግሞ ከተራው መስታወት አብልጦ ይሰብራል። ሲሰብረውም ሁሉንም ቀለም እኩል አይደለም፤ ሐምራዊው ከቀዩ ይልቅ ይታጠፋል። ግድግዳው ላይ የምታያት ትንሽ ቀስተ ደመና የምትወጣው ከዚህ ነው። አውሮፓ ውስጥ «የእርሳስ ክሪስታል» ተብሎ እንዲሸጥ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። አሁን ግን ገበያው በፕላስቲክ ተሞልቷል። ፎቶ ላይ አይለይም። በእጅህ ያዘው። መስታወት ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ ሁለቱን ስታጋጫቸው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ፕላስቲክ ቀሊል ነው፤ በድሬ አቧራ ደግሞ በየሳምንቱ ሲወለወል ይጫጫርና ይደበዝዛል።

እህትህ ትልቋ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አንጎል እያጠናች ነው ብላኛለች። ይህን ንገራት፤ ምናልባት ታውቀው ይሆናል። አንጎላችን ውስጥ ሻንደሊየር የሚባሉ ህዋሳት አሉ። ስሙን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የቅርንጫፋቸው ጫፎች ልክ እንደተደረደሩ ሻማዎች ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ነው እንዲህ የተባሉት። አንዱ ህዋስ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ህዋሳትን ይነካል፤ የሚነካቸውም መልእክታቸው በሚነሳበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ለባለቤትህ ደግሞ ሻንደሊየር የሚባል ረጅም ጉትቻ እንዳለ መንገር አያስፈልገኝም። በድሮ ጦርነትም የጭራሮ እስር የሚደረደርበት የእንጨት መከለያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1776 የአሜሪካው ጄኔራል የጆርጅ ዋሽንግተን ወታደሮች ከቦስተን አጠገብ ያለውን ኮረብታ ሲይዙ መሬቱ በብርድ ደርቆ አልቆፈር ቢላቸው የተከለሉት በእሱ ነው።

አሁን ወደ ሳቢያኑ ቤት እንምጣ።

አንድ ቀን በኢስታንቡል በኩል ካለፍክ ዶልማባህቼ ቤተ መንግሥት ግባ። የሥነ ሥርዓት አዳራሹ ሻንደሊየር 4.5 ቶን ይመዝናል፤ 750 መብራት አለው። ንግሥት ቪክቶሪያ የሰጠችው ስጦታ ነው ሲባል ብዙ ዘመን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ገንዘቡ ተከፍሎ የተገዛበት ደረሰኝ ተገኘ። ያ ሁሉ ግዝፈት እዚያ ያምራል። የጉልላቱ ከፍታ 36 ሜትር ነዋ! የእናታችን ሳሎን ጂፕሰሙ ሲገባ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ከሥሩ ሰው የሚያልፍበት ሻንደሊየር ታችኛው ጫፉ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 መራቅ አለበት። ስለዚህ ሰንሰለቱን ጨምሮ ቁመቱ 80 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ስፋቱን በተመለከተ፣ 4 በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። እህትህ በእጇ ያሳየችኝ ስፋት ግን የሠርግ አዳራሽ ነው።

ክብደቱ ደግሞ አለ። እባክህ በዚህ አትጫወት። ጂፕሰም ኮርኒስ ሻንደሊየር አይሸከምም። ከላይ ሶሌታ፣ ማለት የቤቶን ጣሪያ፣ ካለ ቤቶኑን በስቶ የብረት ብሎን ማስገባት ነው፤ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር አይበቃም። ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ቆርቆሮውን በሚሸከመው በካፕሪያታው መሀል ጠንካራ ብረት ማሳለፍ አለብን። ከተዘጋ በኋላ እንደገና ማፍረስ ነው። በፓሪስ ኦፔራ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1896 የታላቁ ሻንደሊየር ማመጣጠኛ ክብደት ትርኢት እየታየ ወድቆ አንዲት ሴት ገድሏል። በኮርኒሱ ብቻ የተሰቀለ መብራት ሳይ እኔ ከሥሩ አልቀመጥም።

ከቶሮንቶ ነው የምትልከው አይደል? እናንተ ጋ የቤት መብራት 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220። የዚያ አገር አምፖል እዚህ ሲበራ ወዲያው ይቃጠላል። አምፖሉን እዚህ እንገዛለን ብትል ሶኬቱ አይገጥምም። የሻንደሊየር ትንሿ አምፖል በእናንተ ዘንድ ኢ12 ናት፣ እኛ ገበያ ያለችው ኢ14። ቁጥሩ የአንገቷ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ለ220 ቮልት የተሠራ መሆኑን፣ ሶኬቱም ኢ14 መሆኑን ሳታረጋግጥ ብር አትክፈል። ውስጡ ትራንስፎርመር ያለው ከሆነማ ባይመጣ ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እነዚህ ነገሮች መጀመሪያ የሚሞቱት ያን ጊዜ ነው።

አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን። ባለ 24 መብራት ሻንደሊየር በድሮው ባለ 40 ዋት አምፖል ቢበራ 960 ዋት ነው፤ የዚህም አብዛኛው ወደ ሙቀት ይሄዳል። በድሬ ሙቀት ሳሎን ውስጥ ማሞቂያ ሰቀልን ማለት አይደል? በኤልኢዲ ወደ 100 ዋት ይወርዳል። ቀለሙ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ይሁን፤ ሞቅ ያለ ቢጫ ማለት ነው። ነጩ ክሪስታሉን ይገድለዋል።

ዋናውን ነገር ልንገርህ። ድሬ ውስጥ የሳሎን ጣሪያ መሀሉ የቬንቲሌተር ቦታ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ልጅነታችንን ያሳለፍነው ከሥሩ ተንጋለን ነው። ሻንደሊየሩ መሀሉን ሲወስድ ቬንቲሌተሩ ወደ ጥግ ይገፋል። እናታችን ደግሞ ሙቀት አይችሉም። ከሰዓት በኋላ ስጠይቃቸው ሁልጊዜ የማገኛቸው ከቬንቲሌተሩ ሥር ነው። ቡና የሚያፈሉትም ዝቅ ብለው ነው። ከዚያ ሆነው ቀና ሲሉ ዓይናቸው የሚያርፈው በባዶ አምፖል ላይ እንዳይሆን እፈልጋለሁ። እኚህ ሴት ለእኔም እንጀራ ቆርሰው ያበሉኝ ናቸው። ቤቱ ለሳቸው ነው የተሠራው፤ መብራቱም ለሳቸው እንዲመች ሆኖ ይሰቀል።

እህትህ ሳሎኑ በአንድ በኩል የምግብ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ክፍል እንዳለው ነግራኛለች። ሻንደሊየሩ እዚያ ይሁን። ከሥሩ ጠረጴዛ ስላለ ሰው አያልፍበትም፤ ስለዚህ ዝቅ ማለት ይችላል። ከጠረጴዛው በላይ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል። ክሪስታሉ ለዓይን ይቀርባል፣ ለመወልወልም ይቀላል። ስፋቱ ከጠረጴዛው ስፋት ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። በዓል ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የሚሰበሰበው። ቬንቲሌተሩ መሀል ቦታውን ይያዝ። ለራሱም ለሻንደሊየሩም የተለየ ማብሪያ ማጥፊያ አደርግለታለሁ።

ትልቁን ቀድመህ ከፍለህበት ከሆነ ሻጩ ይመልስልህ እንደሆነ ጠይቅ። ካልመለሰ ንገረኝ፤ ሐረር ውስጥ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው አዳራሽ የሚያሠሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ እንዲገዙህ አነጋግርልሃለሁ።

ቅዳሜ ሳቢያን ሄጄ ጣሪያውን እለካለሁ፤ ሶሌታ ይሁን ቆርቆሮ አይቼ ፎቶውን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ጂፕሰም ሠሪዎቹ እኔ ሳልደርስ እንዳይዘጉት ለእህትህ ደውልላት። አንተ ደግሞ የመረጥከውን ክብደት በኪሎ፣ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ የሶኬቱን ዓይነት ጻፍልኝ። መቼ እንደምትመጣም አብረህ ጻፍ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

አክባሪ ወንድምህ