ጠግቤአለሁ ያልሽኝ ቀን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እዚያ አገር ምን እየበላህ ነው የምትኖረው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ዛሬ ልመልስልሽ።

ማክሰኞ ማታ የመብራት ዕቃ የምገዛበት ነጋዴ እዚሁ ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ጋበዘኝ። ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ ክፍሉ ለእኛ ብቻ የተዘጋጀ ነው። የካንቶን ሰው፣ የዚህ አካባቢ ሰው ማለቴ ነው፣ በምግቡ ሲኮራ አይጣል! ገና ሳንቀመጥ በ2009 የሚሼሊን መመሪያ ከቻይና ምግብ ቤቶች መጀመሪያ 3 ኮከብ የሰጠው ሆንግ ኮንግ ላለው ሉንግ ኪንግ ሂን እንደሆነ፣ እሱም የካንቶን ምግብ ቤት እንደሆነ ነገረኝ። ሚሼሊን የምልሽ ያንኑ ጎማ የሚሠራውን ነው፤ ለምግብ ቤቶችም በኮከብ ደረጃ ይሰጣል፣ 3 ከፍተኛው ነው። ነፍሱን ይማረውና አባዬ ቢኖር «ጎማ ሻጭ ስለ ወጥ ምን አገባው?» ብሎ ይስቅ ነበር።

ሻይ ቀድሞ መጣ። ሰው ሲቀዳልሽ ጠረጴዛውን በሁለት ጣትሽ መታ መታ ታደርጊያለሽ፤ ምስጋና ነው። ንጉሣቸው ቺየንሎንግ ማንነቱን ደብቆ ሲዘዋወር ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት፤ አሽከሩ ተነሥቶ እጅ ቢነሣ ምሥጢሩ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ በጣቶቹ ሰገደ ይላሉ። ተረት ነው፤ ደስ ይላል።

ከቀረበው ግማሹን አልነካሁም። የአሳማው ጥብስ ቆዳው ከሰዎቹ ጥርስ ሥር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ሽሪምፑ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ከውስጥ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ክንፍና ቅርፊት የለውምና አለፍኩት። አየሽ፣ ያስተማርሽኝ አልጠፋም። ጋባዤ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዓሣ አዞልኛል።

ዓሣውን በሕይወቱ እያለ በመረብ አምጥተው አሳዩን፤ እሺ ካልን በኋላ ነው ወደ ማድ ቤት የወሰዱት። ሲመለስ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሙሉውን በእንፋሎት በስሎ፣ እንደ ክር የተከተፈ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሶበት፣ የጋለ ዘይት ፈስሶበት ነው። በርበሬ የለ፣ ቁሌት የለ። «ይህማ የሕመምተኛ ምግብ ነው» ብዬ በሆዴ አማሁት። ስቀምሰው ግን ሥጋው ምላሴ ላይ ሟሟ። ዓሣው አንድ ቀን ሰንብቶ ቢሆን ኖሮ የሚደበቅበት ቅመም አልነበረውም። ላዩ ሲያልቅ አይገለብጡትም፤ አከርካሪውን አንሥተው የሥሩን ይበላሉ። ዓሣ ከገለበጡ ጀልባ ይገለበጣል ይላሉ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ጋባዤ እናት ላጫውትሽ ብዬ ነው። በአንቺ ዕድሜ ናቸው። ልጃቸው ምግብ ሲያዝ ቋንቋው አይገባኝም፤ ነገር ግን አስተናጋጁን እያናገረ ወደ እናቱ ያያል፣ ከዚያ በጣቱ የራሱን ጥርስ ይነካል። ሾርባው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ለስላሳ ቶፉ፣ ዓሣው፣ ለካ አብዛኛው ገበታ በእሳቸው አፍ ልክ የተሰፋ ነው። እኔ ደግሞ ለእኔ ክብር መስሎኝ ነበር! እሳቸው የመብያ እንጨታቸውን ይዘው የዓሣውን የጉንጭ ሥጋ ፈልቅቀው ሳህኔ ላይ አኖሩልኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ትዪ አልነበር? ሁለተኛውንም ጠበቅሁ፤ ከሌላው ጉንጭ መጣ።

ያን ጊዜ ጥምቀት ትዝ አለኝ። ደሴ ሆቴል ወስጄሽ፣ ሳልጠይቅሽ ጥብስ አዝዤ፣ አንቺ አንዲቷን ቁራጭ በአንድ በኩል ስታላምጪ ቆይተሽ በናፕኪን ውስጥ ደበቅሻት። አይቻለሁ። «ጠግቤአለሁ ልጄ፣ አንተ ብላ» አልሽኝ፤ እኔም በላሁ። የአንቺንም ጨምሬ። ይቅር በዪኝ።

ለፋሲካ ስመጣ ሁለት ነገር ይዤ እመጣለሁ፤ አንደኛው ለጥርስ ሐኪሙ የሚሆን ገንዘብ ነው፤ «ለዚህ ዕድሜዬ» ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። ሌላው ትናንት የገዛሁት የቀርከሃ የእንፋሎት ማብሰያ ነው፤ ክዳን አለው፣ ከድስትሽ አፍ ላይ ልክ ይቀመጣል። ዓሣውን እኅቴ ከሐይቅ ታስመጣ፤ ዝንጅብሉ ከጓዳሽ አይጠፋም። አዋዜውን ለብቻው በጎን አቅርቢው፤ ያለ እሱ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ።

ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ፣ ከጓንዡ