በሽተኛ ከተራራ በማውረዴ የጋይድነት ፈቃዴን ላገዱት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። አሽጌ የሰጠሁት አቤቱታ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀርቷል። በአካል ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ ትሑት ናት፤ ሁሌም "ነገ ጠዋት ይሞክሩ" ትለኛለች። ስምዎንም የቢሮዎንም ስም አልጠራም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፤ እኛም እናውቅዎታለን።

የሰሜን ተራሮች ልጅ ነኝ። እንግዳ ይዤ ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእመት ጎጎ አድርጌ ወደ ጨነቅ መሄድ ሥራዬ ነው። "ነበር" ልበል መሰለኝ።

የታገድኩበትን ጉዳይ እንደገና ልንገርዎ። እስካሁን የሰሙት ከአስጎብኚ ድርጅቱ ብቻ ነውና።

ድርጅቱ የከተማ ነው። የራስ ደጀንን ጉዞ በጥቂት ቀን አጣጥፎ ይሸጣል። ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጎንደር፣ ምሳ ደባርቅ፣ ማታ ጨነቅ። በእግር ቀናት የሚፈጀውን መንገድ መኪና በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። መኪናው አይታመምም፤ ሰው ነው የሚታመመው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጨነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው። የሐኪሞቹ ምክር ደግሞ የታወቀ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ማደሪያው በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ይታረፍ። ይህን የተማርኩት ቢሮዎ ራሱ ባዘጋጀው ሥልጠና ላይ ነው። አበል ተከፍሎን፣ ፎቶ ተነስተን።

እንግዶቹ አራት ነበሩ። አንዷ፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ገና በደረስንበት ማታ ራሷን አመማት። እራት አልበላ አላት። ሌሊቱን ሲያስመልሳት አደረ። ይሄ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ባሉበት ሲያርፉ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ያስደነገጠኝ የጠዋቱ ነው። ከድንኳኗ ወጥታ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች። ቀጥ ብለሽ ተራመጂ አልኳት፤ አልቻለችም። አብራት የመጣችውን ጓደኛዋን ስም ጠየቅኳት፤ ጠፋት።

ይሄ ተራ ራስ ምታት አይደለም። ከፍታው አንጎል ላይ እብጠት ሲያመጣ የሚታይ ምልክት ነው። ቶሎ ካልወረደ ሰው ይሞትበታል። ኦክስጅንም መርፌም ቢኖር ጊዜ ይገዛል እንጂ መውረድን አይተካም።

መኪናችን እኛን አራግፎ ሄዷል። ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥቼ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደወልኩ። "ፓራሲታሞል ስጣትና በበቅሎ ትቀጥል፤ ፕሮግራሙ ተከፍሎበታል" አለኝ።

በበቅሎ ትቀጥል! የዚያን ቀን መንገድ የሚያልፈው በቧሂት ማለፊያ ነው፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ላይ። ከፍታ ያሳመማትን ሴት ሌላ 600 ሜትር ላውጣት ማለት ነው። በበቅሎ ስለሆነ እግሯ አይደክምም፤ እሱስ ልክ ነው። መኪና ላክልኝ አልኩት። ለዚህ የተያዘ በጀት እንደሌለ ነገረኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ሌሎቹ እንግዶች ከስካውቱ (አብሮን ከሚሄደው የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) እና ከምግብ አብሳዩ ጋር ካምፑ ላይ እንዲቆዩ አደረግኩ፤ ራሳቸውም ተስማሙ። ከጃን አሞራ ወደ ደባርቅ የሚሄድ አይሱዙ አስቆምኩ። ጋቢና የነበሩት ሰዎች ሳንለምናቸው ወርደው ጭነቱ ላይ ወጡ። ሾፌሩ ብር አልቀበልም አለ። ደባርቅ ሐኪም አያት፣ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ያኑ ዕለት ጎንደር ገባች። ዛሬ አገሯ ናት፤ ድናለች። ለቢሮዎ የጻፈችው ደብዳቤ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ፋይሌ ውስጥ ተያይዟል። ፋይሉ ከተከፈተ ያገኙታል።

ድርጅቱ ምን ብሎ ከሰሰኝ? "ያለ ፈቃድ ጉዞ አቋርጦ፣ እንግዶችን ጥሎ በመሄድ የአገር ገጽታ አበላሽቷል።" እርስዎስ? ሳይጠሩኝ፣ ሳይጠይቁኝ፣ እግድ። ደብዳቤው "ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ" ይላል። ማን እንደሚያጣራው አይልም። እስከ መቼ እንደሆነም አይልም። ስካውቱን እስካሁን የጠየቀው የለም። ምግብ አብሳዩንም እንደዚሁ። ከሳሽ ብቻ ተሰምቶ የሚቀጣበት ደንብ ካለ ያሳዩኝ፤ እርስዎ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ፈቃድ ስወስድ ያስፈረማችሁኝ ወረቀት ግን የእንግዳውን ደህንነት አስቀድም ነው የሚለው። ፊርማዬ አለበት። የቢሮዎ ማኅተምም አለበት።

ገጽታ ከተባለ ደግሞ እናውራ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በየመድረኩ ይነግሩናል፤ ያኮራናልም። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣም አብረን አጨብጭበናል። ለዋልያው ያ ሁሉ ጩኸት ተገቢ ነበር። ግን ከጨነቅ የወረደው የእንግዳ አስከሬን ቢሆን ኖሮ ገጽታው ምን ሊመስል ነበር? ያኔም እኮ የምጠየቀው እኔው ነበርኩ። "ጋይዱ የት ነበር?" ትሉ ነበር።

የሚያንገበግበኝ የእኔ መታገድ ብቻ አይደለም። ከኮሮና ወዲህ እንግዳ እንዴት እንደጠፋ ያውቃሉ። ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያም የክልሉ ግጭት። ጋይዱ ተራው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በቅሎ የሚጭነው ገበሬም፣ ምግብ አብሳዩም እንደዚያው። እንዲህ በራበን ጊዜ የሚመጣን ድርጅት "ፕሮግራምህ ሰው ይገድላል" ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ማን ነው? ድርጅቶቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ በየዓመቱ የሚያጥረው። ድሮ ግጭ ላይ ይታደር ነበር፤ አሁን በመኪና እየታለፈ ነው።

አሁን ደግሞ ጓደኞቼ የእኔን አይተዋል። አንዱ፣ ልጅ ያለው ነው፣ በቀደም ምን አለኝ መሰለዎት? "እኔ ብሆን እደውላለሁ፤ ቀጥል ካሉኝ እቀጥላለሁ፤ ከሞተችም በእነሱ ትዕዛዝ ነው።" ልወቅሰው አልቻልኩም። እግዱ ያስተማረው ይህንን ነው።

ፈቃዴን መልሱልኝ፤ ካልሆነም ያጠፋሁትን ጥፋት በጽሑፍ ስጡኝና የሚቀጥለው በር ላንኳኳ። ድርጅቱንም ጠርታችሁ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ጨነቅ ማደርን ማን እንደፈቀደለት ጠይቁት። አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጋይዶች ሁሉ መልሱልን፦ እንግዳ ቀጥ ብሎ መራመድ ሲያቅተው እናውርደው ወይስ እንደውል? መልሱን ማኅተም አድርጉበትና ደባርቅ ላይ ለጥፉት።

ፈቃዱ የታገደበት ጋይድ