በርበሬ የምናሰጣበት ቦታ አጣን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሰሞን ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት በርበሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ሸማቹ የታሸገና ቀን የተጻፈበትን ይግዛ ብላችሁ ዘጋችሁት። እኔ እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። በርበሬ እኮ ቤት ይሠራል። ቦታ አጥተን ነው እንጂ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። ሃያ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቤታችን በርበሬ የምታዘጋጀው ባለቤቴ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ወገቧ እምቢ አለና ሐኪሙ ጎንበስ ቀና ማለት ከለከላት። ያን ዓመት ዱቄቱን ከሱቅ ገዛን። ወጡ ሲያዩት ደም ይመስላል። ጥርስ ላይ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። ነገሩ አላምር ቢለኝ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውሃ ላይ በተንኩ። አብዛኛው ገና ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ አንዱ ነገር እንደ ጠጠር ቁልቁል ወረደ። ውሃውን ደፍቼ ዝቃጩን በጣቴ አሸሁት። ሸክላ ነው።

ባለቤቴ አየችው፤ ምንም አልተናገረችም። በነጋታው በርጩማዋን ስባ ተቀመጠችና «ና፤ አንተ ትሠራለህ፣ እኔ አዝሃለሁ» አለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ የቤቱ በርበሬ አዘጋጅ እኔ ሆንኩ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እቤት ሲመጡ ግን ድስቱን አስጠርገውን ነው የሚሄዱት።

ዛላ መምረጥ እንኳ ድሮም አውቅበታለሁ። የማረቆንና የሃላባን በርበሬ ስንት ጊዜ ጭኛለሁ! ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ስወጣ ቆሼ ላይ ቆሜ ከገበሬው እጅ እገዛ ነበር። አሁን መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ እወርዳለሁ። ክብደት እንዲያነሳላቸው ውሃ የሚረጩበት ነጋዴዎች አሉ። ስለዚህ አንድ ዛላ አነሳና ጆሮዬ ሥር እነቀንቀዋለሁ። ደረቅ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። ውሃ የጠጣው ድምፅ የለውም፤ እንደ ቆዳ ይታጠፋል። ደግሞ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ያለውን አይታችሁ አትግዙ። እጃችሁን እስከ ሆዱ ስደዱ።

እኛ በዓመት አሥር ኪሎ ይበቃናል። ለሁለታችን ብዙ ነው፤ ግን ዋሽንግተን ያለችው የባለቤቴ እህት ሦስት ኪሎ ካልተላከላት ታኮርፋለች። የመጀመሪያው ሥራ መቀንጠስ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቴ ጨካኝ ናት። እኔ ጉቶውን ነቅዬ ሰፌዱ ላይ ስጥል እሷ እያንዳንዱን ከፍታ ታያለች። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ነገር የያዘውን ትወረውረዋለች። «ትንሽ እኮ ነው» ብላት አትሰማኝም። እውነቷን ነው። የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ ጉበት ይጎዳል። በማመስም ሆነ በማብሰል አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ከአሥሩ ኪሎ አንድ ኪሎ ገደማ ጣለችብኝ። አንጀቴ አረረ።

የተለቀመው በቶሎ ይታጠብና ያን ቀኑን ፀሐይ ይመታዋል። ውሃ ውስጥ አይቆይም፤ ከቆየ መልሶ ለሻጋታ ነው። ሲጨበጥ ኮሽ ኮሽ እስኪል ሁለት ሦስት ቀን ይሰጣል። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይገባል። ከዚያ ሙቀጫ። ገና አይልምም፤ ሸክሸክ ብቻ ነው የሚደረገው። ለብቻው አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና የጤና አዳም ፍሬ ይወቀጣል። ይሄ እርጥቡ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል። ባለቤቴ ስደልዝ እጄን ነው የምታየው። «ታች ያለውን ወደ ላይ! ታች ያለውን!» ትላለች። መሪ ስይዝ እንኳ እንዲህ የተቆጣኝ ሰው የለም።

ድልዙ በዕቃ ተጠቅጥቆ፣ በላስቲክ ታፍኖ ሁለት ሌሊት ያድራል። በሦስተኛው ቀን ስትከፍቱት የሚወጣው ሽታ፣ እንግዲህ እሱ ነው በርበሬ ማለት። ሹልክ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የዝንጅብሉም የሽንኩርቱም ያልሆነ ሌላ ሽታ። ጥሬ ዛላ አስፈጭቶ ቅመም የሚበትንበት ሰው ይሄን ሽታ አያገኘውም። ከዚያ እንደገና ፀሐይ፤ አሁን ሦስት አራት ቀን።

ቅመሙን አላበዛውም። ለአሥሩ ኪሎ ድንብላል ግማሽ ኪሎ፣ ኮረሪማ ተፈልፍሎ 300 ግራም፣ ነጭ አዝሙድ 250፣ ጥቁር አዝሙድ 200፣ ጥምዝ 100፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ሃምሳ ሃምሳ ግራም፣ አብሽ ሩብ ኪሎ። ሁሉም ለየብቻው ይታመሳል። አንድ ላይ ካመሳችሁት ድንብላሉ ሳይነካው ኮረሪማው ያርራል። አብሽ ደግሞ ዞር ስትሉ ይጠቁርና ዓመቱን ሙሉ ምሬት ያስበላችኋል። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ስልክ አንስቼ ይሄው ደርሶብኛል። በነገራችን ላይ «የጥንት የአባቶቻችን በርበሬ» የሚል ማስታወቂያ ስሰማ እስቃለሁ። የበርበሬ ዘር ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው፤ ፈረንጆች በራሳቸው አቆጣጠር በ1492 ወደዚያ ከመሻገራቸው በፊት እዚህ አገር አይታወቅም።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ዕቃውን ጥላችሁ አትምጡ። ቆሙ። ወፍጮው ሆድ ውስጥ ከእናንተ በፊት የተፈጨው የሰው በርበሬ ይቀራል። እኔ መጀመሪያ የሚወጣውን ሁለት እፍኝ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ዱቄቱ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል። እንደዚያው እንደጋለ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፣ ሲብስም ይሻግታል። አንሶላ ላይ በትኖ በደንብ ማቀዝቀዝ ነው።

እስቲ አሁን ቁጠሩልኝ። ከመቀንጠስ እስከ ወፍጮ አሥር ቀን አይሞላም? ከዚያ ውስጥ ስድስት ሰባቱ ፀሐይ ይፈልጋል። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለኝ በረንዳ ሁለት ጄሪካንና አንድ ወንበር ይይዛል። ፀሐይም የሚገባው ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጣሪያው ላይ ካለው ሰገነት አሰጣሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ደረጃው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በጋራ መወጣጫና በሰገነት ላይ በርበሬ ማስጣትና መውቀጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። ጥፋቱ የለጠፉት ሰዎች ብቻ ነው አልልም። ኮሪደር ላይ ከሰል አቀጣጥዬ ቅመም ያመስኩ ቀን ብሎኩ በሙሉ አስነጠሰ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት አስም አለባቸው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ግን እኮ ቦታው አለ! ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከመኖሪያው ተለይቶ የጋራ ቤት የተሠራው ለዚሁ ነው። እኛ ኮሚናል የምንለው። እንጀራ ይጋገርበት፣ በግ ይታረድበት፣ ልብስ ይታጠብበት፣ በርበሬ ይወቀጥበት ተብሎ። የእኛ ኮሚናል ዛሬ የሰው ዕቃ መጋዘን ነው። ተከራይቷል። ኪራዩ የት እንደሚገባ በስብሰባ ጠይቄ «ለጥበቃ ደመወዝ» ተባልኩ። ይሁን። ከአራቱ ክፍሎች አንዷን ብቻ፣ ከነግቢዋ፣ ዝናብ በሌለበት በጥር ወር ለነዋሪው ቢለቁልን ጥበቃው ደመወዙን ያጣል? ተራ እናወጣለን። ጠርገን እናስረክባለን። ስብሰባ ላይ ይሄን ስል አሥራ አንድ ሴቶችና አንድ ወንድ እጅ አወጡ። ወንዱ እኔ አይደለሁም፤ እኔማ ተናጋሪው ነበርኩ።

ጋዜጣችሁ ኮሚናሎች በየሳይቱ ለምን አገልግሎት እየዋሉ እንደሆነ ጋዜጠኛ ልኮ ቢያይልን ደስ ይለኛል። እኛ ጋ የመጣ እንደሆነ ምሳ በእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛው ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ

ይድረስ ብዬ ላሽገው ስል ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ጨውስ?» አለችኝ። ለአሥሩ ኪሎ አንድ ኪሎ ጨው፣ ታምሶ፣ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ይጨመራል። ደግሞ እጃችሁ ሲያቃጥላችሁ በውሃ አትታገሉ፤ መጀመሪያ ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ። ይሄንንም እሷ ናት ጻፍ ያለችኝ።