ስለ ቀይ ቀበሮዎቹ የጠየቅሽኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼ፣ ወንድምሽ፣ ልጆችሽስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሞላን አይደል? መጨረሻ የተነጋገርነው ባሌ ጎባ በመምህርነት ተመድቤ እንደመጣሁ ሰሞን ነበር። የቀይ ቀበሮ ተመራማሪዎች የሚሠሩትን አይቼ በደስታ ሳወራሽ፣ «ሰው ተቸግሮ እነሱ ቀበሮ ይቆጥራሉ? ደግሞ ጥናት ቀበሮ ያድናል እንዴ?» አልሽኝ። ከፋኝ። የምመልስልሽ ማጣቴ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ ሲቆይ ደግሞ ለመደወል አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ጥያቄሽን ግን አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ሳነቴ የሚባለው አምባ ላይ ወጣሁ። ከጎባ ሽቅብ እያልሽ 4,000 ሜትር ስታልፊ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሜዳው ይዘረጋል። ጅባራው እዚህም እዚያም ቆሞ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ መሬት ላይ ተለጥፎ አየነው። ፊቱ የፍልፈል ጉድጓድ አለ። ተማሪዎቼ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፍልፈሉ ብቅ ከማለቱ ቀበሮው ዘለለ። ሳተው። ልጆቹ «ውይ!» ሲሉ ብትሰሚ!

ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘረ መሉ ሲመረመር ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። በዓለም ላይ ያለው ከእኛ አገር ተራሮች ብቻ ነው። ለአቅመ መውለድ የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ እዚህ ባሌ ነው ያለው። የዚህ አካባቢ ሰው በኦሮምኛ «ጄደላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይባላል። ይህን ስም ስሰማ ሰዉ ለእንስሳው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ገባኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ክላውዲዮ ሲሌሮ የሚባል ተመራማሪ እዚህ መጥቶ ቀበሮዎቹን መከተል ጀመረ። የት እንደሚያድሩ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚበሉ መዘገበ። ሰገራቸውን ሳይቀር እየለቀመ አጠና። አውቃለሁ፣ ይሄን ስታነቢ ፊትሽን ታጨማድጃለሽ። ግን ከዚያ የተገኘውን ተመልከቺ፦ ከምግባቸው ከዘጠኝ አሥረኛ በላዩ አይጥና ፍልፈል ነው። በግ በልቶ የሚኖር አውሬ አይደለም ማለት ነው። ለአንድ እረኛ ይህን በማስረጃ መንገር መቻል ቀላል ነገር አይመስለኝም። ሌላም አለው። ሣሩ በከብት ከመጠን በላይ ከተጋጠ አይጡ ሊቀንስ ይችላል፤ አይጡ ከቀነሰ ቀበሮው ይራባል። ጠባቂ ቀበሮውን ብቻ ሲጠብቅ ቢውል ሣሩን ካልጠበቀ ምን ዋጋ አለው?

ዋናው ታሪክ ግን የእብድ ውሻ በሽታው ነው። እናንተ ሰፈር ውሻ አብዶ ወንድምሽን የነከሰው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ፣ እናትሽ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ? ያው በሽታ ነው። እዚህ እረኞች ከጅብ እንዲጠብቋቸው ውሻ ይይዛሉ። ውሾቹ ሲያብዱ ቀበሮዎቹን ይነክሳሉ። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል እንጂ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ ሲገናኙ ይላላሳሉ፣ ይተሻሻሉ። አንዱ ከታመመ መንጋው አለቀ በይው።

በ2003 መጨረሻ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፣ ወረርሽኙ እዚሁ ባሌ ወብ የሚባል ሸለቆ ገባ። በየቀኑ በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን የሚከታተሉ የአካባቢው ልጆች ሬሳ ማግኘት ጀመሩ። ናሙናው ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ። በወረርሽኙ ከተመቱት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። አስቢው፤ ለዓመታት እያንዳንዱን ቀበሮ ከነቤተሰቡ የምታውቂ ሰው ነሽ፤ ጠዋት ወጥተሽ አንድ በአንድ ሞተው ታገኚያቸዋለሽ።

እዚህ ጋ ነው ያ ሁሉ ቆጠራ የጠቀመው። የባሌ ቀበሮዎች በአንድ ሜዳ የተበተኑ አይደሉም። ወብ፣ ሞረባዋና ሳነቴ ላይ ለየብቻ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ የሚያገናኛቸው ጠባብ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ይህ የታወቀው ለዓመታት ስለተከታተሏቸው ነው። ሁሉንም ይዞ መከተብ የማይቻል ነገር ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በሽታው ወደሌሎቹ የሚያልፍበትን በር ለመዝጋት ወሰኑ። መተላለፊያው አካባቢ ያሉትን ሰባ ያህል ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ። ወረርሽኙ እዚያው ቀረ።

በኋላ ተመራማሪዎቹ ስሌቱን ሠርተው በ2006 አሳተሙት። ቦታው ከታወቀ ከግማሽ በታች የሚሆኑትን መከተብ እንኳ ከከፋው እልቂት እንደሚያድን አሳዩ። ያኔ ስልክ ላይ ይህን ብነግርሽ ኖሮ! «ጥናት ቀበሮ ያድናል እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። አዎ፣ አድኗል።

በሽታው ግን ተመልሶ መጥቷል። በ2008 እና በ2014 እንደገና ገደላቸው። በመሃልም የውሻ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ በሽታ ብዙዎቹን ገደለ። ቀበሮ ማጥመድ ለሰውም ለእንስሳውም ከባድ ነው። ስለዚህ ክትባቱን በሚበላ ነገር ለመስጠት ሞከሩ። ፈሳሹ በትንሽ ማሸጊያ ሆኖ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀበሮው ሲነክሰው አፉ ውስጥ ይፈሳል። የትኛውን ሥጋ እንደሚወድ ሳይቀር ተፈተነ፤ የፍየል ሥጋ ሆነ። ከበሉት የተወሰኑትን ይዘው ደማቸውን መረመሩ፤ በሽታውን የሚከላከለው ነገር ደማቸው ውስጥ ተገኘ። ከ2018 ጀምሮ በዘመቻ መስጠት ተጀመረ። እኔን የገረመኝ ትዕግሥታቸው ነው። አንዲት ጉርሻ ሥጋ ለማዘጋጀት ስንት ዓመት!

«ሰውስ?» ያልሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ያን ዕለት ስለተናደድኩ ይህን አላልኩሽም። የእረኞቹ ውሾች በየዓመቱ በሺዎች ይከተባሉ። ውሻው ሲከተብ ልጁም ላሟም ይተርፋሉ። ወንድምሽ የደረሰበት ስቃይ እዚህ ላለ ሕፃን እንዳይደርስ ያደርጋል ማለት ነው። ውኃውም አለ። ወይብ ወንዝና ወደ ገናሌ ወንዝ የሚገቡ ሌሎች ወንዞች የሚነሱት ከዚህ ተራራ ነው፤ ውኃውን እስከ ሶማሌ ቆላ ድረስ ሚሊዮኖች ይጠጡታል። በ2023 ቀበሮዎቹ የሚኖሩበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኛ ትምህርት ቤት ደስታ ነበር። ግን ሳነቴ ላይ አሁንም ከብቱ ብዙ ነው፤ ጎጆውም እየጨመረ ነው። ሰዉ ደግሞ መሄጃ የለውም። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ጥናት ብቻውን የሚፈታው አይመስለኝም።

አንድ የምትወጂውን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። እዚህ ችቦ የመሰለ ቀይና ቢጫ አበባ አለ። የእረኛ ልጆች ማሩን ይልሱታል። ቀበሮዎቹም እንደሚልሱት በ2024 የታተመ ጥናት አሳየ። አፍንጫቸው በአበባው ዱቄት ተለውሶ ከአበባ አበባ ይሄዳሉ፤ ምናልባትም እንደ ንብ ያዳቅሉት ይሆናል ተብሎ ታስቧል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ እኔም እልስ ነበር» አለኝ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ግልገሎቹ ከጉድጓድ ብቅ ይላሉ። እባክሽ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፤ እንበቃበታለን። ወፍራም ሹራብና ካልሲ አትርሺ። ጋሼን ሳሚልኝ። ወንድምሽንም ሰላም በይልኝ፤ የውሻ ፍርሃቱ ለቀቀው ወይስ አሁንም አለ? ጻፊልኝ። ብትደውዪም አነሳለሁ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ
ከጎባ