ዘጠኝ በር ያላት ከተማ

ማድሪድ፣ መጋቢት

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ብርድም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ አቪላ የምትባል ከተማ ሄጄ ነበር። የማስታምማቸው አሮጊት የዚያ ተወላጅ ናቸው። እግራቸው እምቢ ካለ ቆየ። «አንቺ ሄደሽ እይልኝ፣ የእንቁላሉን ጣፋጭም አምጪልኝ» ብለው የባቡሩን ሰጡኝ። ከማድሪድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

«ካፖርትሽን እንዳትረሺ፣ ከስፔን የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች ከእሷ በላይ ከፍታ ላይ ያለ የለም» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ከፍታዋ 1,130 ሜትር አካባቢ ነዋ! ደብረ ብርሃን እኮ 2,800 ያልፋል። ከባቡር ስወርድ ግን ነፋሱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ምንም አልቀረውም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ በሻርፔ ተጀቦንኩ።

ግንቡን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። አሮጌውን ከተማ ዙሪያውን ከቦታል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቁመቱ 12 ሜትር፣ ውፍረቱ ሦስት ሜትር። ከ80 በላይ ማማዎች አሉት፣ በሮቹ ዘጠኝ ናቸው። ንጉሥ አልፎንሶ ስድስተኛ በፈረንጆቹ 1085 ቶሌዶን ከያዘ በኋላ፣ ሰው እንዲያሰፍርባትና እንዲያጠናክራት አቪላን ለልጁ ባል ለሬይሞን ሰጠው። ግንቡም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ድንጋይ ሲያጥራቸው ነው መሰለኝ፣ ሮማውያን ለመቃብር የጠረቡትን ሳይቀር ሰክተውበታል። በምሥራቅ በኩል ቀረብ ብለሽ ካየሽ ይለያል።

ካቴድራሉ ደግሞ ጉድ ነው። መቅደሱ ያለበት ጀርባው ራሱ የግንቡ ማማ ነው። ከውስጥ ይቀደስበታል፣ ከውጭ ይተኮስበት ነበር። ቤተ ክርስቲያንና ምሽግ በአንድ ግድግዳ! ጉልላቱ ላይ ሽመላዎች ጎጆ ሠርተው ምንቃራቸውን ያንቋቋሉ።

ጦርነቱ ከራቀ በኋላ ግንቡ ያልፈረሰበትን ምክንያት ብትሰሚ ትናደጃለሽ። ቀረጥ ነው። ለገበያ የሚገባ ሁሉ በበሩ ማለፍ ስላለበት እዚያው ያስከፍሉት ነበር። ወረርሽኝ ሲነሳም በሮቹን ይዘጋሉ። ቅቤሽን ይዘሽ ኬላ ላይ የተጉላላሽበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ያኔ ብትኖሪ ግንቡን በእጅሽ ታፈርሺው ነበር።

የግንቡን አናት ከፍለሽ ትሄጂበታለሽ። ከዚያ ላይ የሰው ጓሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ የሚያስነጥስ ሽማግሌ፣ ሁሉ ይታያል። ዩኔስኮ በ1985 ቢመዘግበውም ሰው ኑሮውን ይኖርበታል። እኔ ይሄን ወደድኩለት።

አሁን ስለ ቴሬሳ ልንገርሽ። በ1515 የተወለደች የዚህች ከተማ ቅድስት ናት። በሰባት ዓመቷ ገደማ ከወንድሟ ጋር «እስላሞች አገር ሄደን ሰማዕት እንሁን» ተባብለው ከቤት ጠፉ። አጎታቸው ደርሶ መለሳቸው። ያገኛቸው ከአዳኻ ወንዝ ማዶ፣ አራት ምሰሶና መስቀል ባሉበት ኮረብታ ላይ ነው ይባላል። ግንቡ በሙሉ የሚታየው ከዚያ ስለሆነ ቱሪስቱ ሁሉ እየወጣ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን ፎቶውን ትቼ አጎቴን አሰብኩት። መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሻንጣዬን ነጥቆ እንዴት እንደመለሰኝ ታስታውሻለሽ? «ዓረብ አገር ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ! በኋላ ደግሞ የስፔኑ ሲሳካ ቦሌ ድረስ የሸኘኝ እሱ ነው።

ቴሬሳም ብትመለስ አልተቀመጠችም። የተወለደችው ከግንቡ ውስጥ፣ የመነኮሰችው ከግንቡ ውጭ ነው። በ1562 መጀመሪያ ያቋቋመችው ገዳምም ውጭ ነው። ከዚያ በኋላ በሽታዋን ይዛ፣ በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ እየተንገጫገጨች ስፔንን አዳርሳ ገዳም ስትተክል ኖረች። በ1582 የሞተችውም መንገድ ወጥታ ሳለ፣ ሌላ ከተማ ነው። ሴት ልጅ ከደጅ አትውጣ በሚባልበት ዘመን እኮ ነው!

ተወለደችበት በሚባለው ቦታ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ጣቷን በመስታወት ያሳያሉ። አዎ፣ ጣቷን፣ ከነቀለበቱ። ግራ እጇን ደግሞ ፍራንኮ የሚባለው አምባገነን በ1975 እስኪሞት ከአጠገቡ አልለየውም ነበር። ዐፅም ማክበርን እኛም እናውቃለን። ገነጣጥሎ መከፋፈሉ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። አሮጊቷ «ምን አለበት?» ብለው ገረምኳቸው።

ሁዳዴ ስለሆነ ምግቡን አልቀመስኩትም። አቪላ በጥብስ ሥጋዋ የታወቀች ናት፣ ሽታው ብቻ አንገላታኝ። የአሮጊቷ ጣፋጭ የእንቁላል አስኳልና ስኳር ነው፣ ድቡልቡል አድርገው በወረቀት ያስቀምጡታል። እሳቸው ሳጥኑን ሲከፍቱ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ለእኔ ሁለት አስቀርተው «ለፋሲካሽ» አሉኝ። እስከዚያ የሚቆይ አይመስለኝም፣ ግን አመስግኜ ተቀበልኩ።

ፎቶዎቹን ለታናሿ እህቴ በቴሌግራም ልኬያለሁ፣ ስልኩ ላይ አጉልታ ታሳይሽ። ለጉልበትሽ የላክሁት ገንዘብ ለሐኪም ነው፣ ለዕቁብ እንዳታደርጊው አደራ። ለአጎቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ የኮረብታውንም ታሪክ ንገሪልኝ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ።

ልጅሽ